እንባ ጠባቂ ሄዶ መፍትሔ ያገኘ ሰው አለ? የአባቴ ፋይል 11 ወር ሆነው

የሾፌሩ ልጅ | ግንቦት 6
ሰላም ወገኖች። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሡኝ። የምፈልገው ምክር ነው።

አባቴ የመንግሥት ሾፌር ነበር። አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ 31 ዓመት ነድቷል። ጡረታ ሊወጣ ሁለት ዓመት ሲቀረው ባለፈው ሰኔ በድንገት አረፈ። እናቴ የምትኖረው በሱ ደመወዝ ነበር። የሟች ሚስት በመሆኗ የጡረታ አበል ይገባታል። ይህን ማንም አልካደንም። ግን አበሉ እንዲጀመር መሥሪያ ቤቱ የአባቴን የአገልግሎት ማስረጃ አዘጋጅቶ ለጡረታ መላክ አለበት። ያ ወረቀት ነው 11 ወር ሙሉ ያልተላከው።

መጀመሪያ "ሕንፃ ስንቀይር ፋይሉ ተደባልቋል፣ በሁለት ሳምንት ተመለሱ" አሉን። ሁለቱ ሳምንት ሦስት ወር ሆነ። ፋይሉ ሲገኝ ደግሞ የአያቴ ስም በቅጥር ደብዳቤው ላይ "ወልደ ጊዮርጊስ"፣ በደመወዝ መዝገቡ ላይ "ወልዴ" ሆኖ ተገኘ። "አንድ ሰው መሆኑን አረጋግጡ" ተባልን። ከፍርድ ቤት ማስረጃ አመጣን። በዚያው ሰሞን የሰው ኃይል ኃላፊው ተቀየሩ። አዲሱ "እኔ ያልነበርኩበትን አልፈርምም" አሉ። ከዚያ ስብሰባ። ከዚያ ሥልጠና። ከዚያ "ሲስተም የለም"።

አንድ ነገር ልናገር። ማንም ጉቦ አልጠየቀንም። ቢጠይቁን ለፀረ ሙስና እናመለክት ነበር። ማንም አልሰደበንም። "እሺ እናታችን፣ እሺ፣ ሰኞ" ነው የሚሉት። የኛ በደል ስም እንኳ የለውም።

እናቴ ከአየር ጤና በሁለት ታክሲ ትመላለሳለች። ከሏን አላወለቀችም። ባለፈው ሳምንት ልወስዳት ስሄድ ደረጃው ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። አላለቀሰችም። "አባትሽ እዚህ ግቢ 31 ዓመት ሲገባ ሲወጣ፣ አንድ የሚያውቀው ሰው ይጥፋ?" ነው ያለችኝ።

አንድ ጎረቤታችን እንባ ጠባቂ ሂዱ አሉን። የአጎቴ ልጅ ደግሞ ጊዜ ማባከን ነው ይላል። እዚያ ሄዶ የተሳካለት ሰው አለ? ወይስ በቀጥታ ፍርድ ቤት ይሻለናል?

አወያይ | ግንቦት 6
እህታችን፣ ነፍስ ይማር። የመሥሪያ ቤቱን ስም ከጽሑፍሽ ላይ አንስቻለሁ። እነሱ እዚህ ገብተው መልስ ሊሰጡ አይችሉም። ታሪኩ ስማቸው ሳይጠቀስም ይገባናል። መልስ የምትሰጡም ይህን ጠብቁልን።

ጉለሌ ሰፈር | ግንቦት 6
ነፍስ ይማር እህቴ። እውነቱን ልንገርሽ። እንባ ጠባቂ አለን፣ ፀረ ሙስና አለን፣ ዋና ኦዲተር አለን፣ ሰብአዊ መብት ኮሚሽን አለን። ሁሉም ሪፖርት ያወጣሉ። ሁሉም "ያሳስባሉ"፣ "ምክረ ሐሳብ ይሰጣሉ"። አንዱም ግን ያን ሰውዬ "ፈርም" ብሎ ማዘዝ አይችልም። ሪፖርቱ በዜና ሲነበብ ብሩም ጊዜውም አልፏል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። እኔ የቦታ ጉዳይ ይዤ አራት ዓመት ዞሬያለሁ። እናትሽን አታድክሚ።

ችሎት በር | ግንቦት 7
ጠበቃ ነኝ። ከጉለሌ ሰፈር ጋር በግማሹ እስማማለሁ፣ በግማሹ አልስማማም። መጀመሪያ ግን አንቺ ስላልሽው።

"የኛ በደል ስም የለውም" አልሽ። አለው እኮ። የአስተዳደር በደል ይባላል። ጉቦ የሌለበት፣ ስድብ የሌለበት፣ ሰውን የሚያጉላላ መዘግየት፣ ምክንያት የሌለው እምቢታ፣ "ነገ ተመለስ"። የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም የተቋቋመው ለዚሁ ነው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 55 ምክር ቤቱ እንዲያቋቁመው አዘዘ። በ1992 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 211 ወጣለት፣ በ2011 ዓ.ም. ደግሞ በአዋጅ 1142 ተሻሻለ። ተጠሪነቱ ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ነው እንጂ ለየትኛውም ሚኒስትር አይደለም።

አቤቱታ ማቅረብ በነፃ ነው። በጽሑፍ ብቻ አይደለም፣ በቃልም ይቻላል። እናትሽ ራሷ ሄዳ መናገር ትችላለች። አንቺም እንደ ቤተሰብ ስለ እሷ ማቅረብ ትችያለሽ። ጠበቃ አያስፈልግሽም። ይህን ጠበቃ ሆኜ ነው የምልሽ።

የማይገባበት ቦታም አለ። ፍርድ ቤት የተያዘ ጉዳይ አይነካም። ዋና ኦዲተር እየመረመረ ያለውን አይነካም። ምክር ቤቶች በሕግ አውጪነታቸው የሚወስኑትን አይነካም። የደኅንነትና የመከላከያ ኃይሎች ስለ አገር ደኅንነትና ስለ መከላከያ የሚወስኑትንም እንዲሁ። ስለዚህ ፍርድ ቤት ክስ ከመክፈትሽ በፊት አስቢበት። አንዴ ክስ ከከፈትሽ እንባ ጠባቂው እጁን ይሰበስባል።

ጉለሌ ሰፈር "ማዘዝ አይችልም" ያለው እውነት ነው። መርምሮ፣ በስምምነት ለመጨረስ ሞክሮ፣ ካልሆነ በደሉ እንዲቆምና እንዲታረም ምክረ ሐሳብ ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ይጽፋል። ችላ ካሉት ጉዳዩን ለምክር ቤቱ ማሳወቅ ይችላል።

አሁን ግን ዋናው ጥያቄ። በእጃችሁ ያለ ወረቀት አለ? "አንፈርምም" ያሉበት፣ ወይም እናንተ የጻፋችሁበት?

የሾፌሩ ልጅ | ግንቦት 7
የለም። ሁሉም በቃል ነው። ጥሩ ሰዎች ስለመሰሉን ደብዳቤ መጻፍ ነገር ማክረር መስሎን።

ችሎት በር | ግንቦት 7
እንደጠረጠርኩት። እህቴ፣ 11 ወር ተመላልሳችኋል፣ በመዝገብ ግን አንድም ቀን አልመጣችሁም። ነገ አንድ ገጽ ማመልከቻ ጻፉ። መዝገብ ቤት ገቢ አስደርጉ። ቀሪው ላይ ቀንና ቁጥር አስመቱ፣ ማኅተም አስደርጉ። የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 የሚባል አለ። የፌዴራል መሥሪያ ቤቶችንና የአዲስ አበባና የድሬዳዋ አስተዳደሮችን ይይዛል። ውሳኔ በጽሑፍና ከነምክንያቱ እንዲሰጥ ያስገድዳል፣ ቅሬታ ሰሚ እንዲኖር ያዛል። በመጨረሻም ጉዳዩ ለፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሊቀርብ ይችላል። ግን ፍርድ ቤቱ የመሥሪያ ቤቱን የቅሬታ መንገድ ጨርሰሽ እንድትመጪ ይጠብቃል። የቃል "ሰኞ ተመለሱ" ይዘሽ የትም አትደርሺም።

የፋይሉን ኮፒ ማየት ከፈለግሽም የመረጃ ነፃነት አዋጁ፣ ቁጥር 590/2000፣ መብት ይሰጥሻል። ለሕዝብ ግንኙነት ክፍላቸው ትጽፊያለሽ። ቢከለክሉሽ አቤቱታው የሚሄደው እዚያው እንባ ጠባቂ ዘንድ ነው። የዚያን አዋጅ አፈጻጸም የሚከታተለው እሱ ስለሆነ።

መስኮት 4 | ግንቦት 8
ይህን ክር ሁለት ቀን አንብቤ ዝም ብዬ ነበር። ዝም ማለት ስላልቻልኩ ነው የምጽፈው። እኔ ከመስኮቱ ወዲያ ያለሁት ነኝ። የሰው ኃይል ክፍል፣ 12 ዓመት። የእናትሽ ጉዳይ ያለበት መሥሪያ ቤት አይደለሁም፣ ግን እንደ እናትሽ ያሉ ሰዎች ጠረጴዛዬ ፊት ይቆማሉ።

አዲሱ ኃላፊ ለምን አልፈርምም እንዳሉ ልንገርሽ። ክፉ ስለሆኑ አይመስለኝም። ፈርመው ስሙ የሁለት ሰው ሆኖ ቢገኝ፣ አበሉ ላልተገባ ሰው ቢከፈል፣ የውስጥ ኦዲት ይመጣል፣ ዋና ኦዲተር ይመጣል፣ የሥነ ምግባር ክፍል ይጠራቸዋል። "ማን ፈረመ?" ነው ጥያቄው። ባይፈርሙስ? ማንም አይመጣም። እኔ በ12 ዓመቴ ባልፈረምኩት ወረቀት አንድም ቀን ተጠይቄ አላውቅም። በፈረምኩት ግን ሁለቴ ተጠርቻለሁ። ሁለቱም ጊዜ ጥፋት አልተገኘብኝም። ግን ከዚያ በኋላ ስሜ ያለበትን ወረቀት እንደ እሳት ነው የማየው።

ቁጥጥር አይኑር አላልኩም። ያለ ቁጥጥር ምን እንደሚደረግ ከማንም በላይ አውቃለሁ። "ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል" የሚለውን ከልቡ የሚያምን አለቃ ሥር ሠርቻለሁ። ግን ተቆጣጣሪው ሁሉ የሠራነውን ነው የሚያየው። ያልሠራነውን የሚቆጥር የለም። ስለዚህ ሁላችንም እየተጠነቀቅን፣ እየተጠነቀቅን፣ አንዲት መበለት ደረጃ ላይ ትቀመጣለች።

ተግባራዊ ምክር። ማመልከቻው ግርጌ ላይ "ግልባጭ" ብላችሁ ጻፉ። ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ፣ ለቅሬታ ሰሚ፣ ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም። ደግሞም በእርግጥ አድርሱት። ግልባጭ ያለበት ደብዳቤ ሲመጣ አለቃዬ ወረቀቱን አገላብጠው መጀመሪያ የሚያዩት ግርጌውን ነው። ያኔ አለመፈረምም ባለቤት ያገኛል።

የሾፌሩ ልጅ | ግንቦት 8
መስኮት 4፣ እግዜር ይስጥህ። እነዚያን ሰዎች ጠልቻቸው ነበር። አሁን እንዴት እንደማስባቸው አላውቅም። ደብዳቤውን ዛሬ ማታ እንጽፋለን።

ጡረተኛው ኦዲተር | ግንቦት 9
መስኮት 4 ያልከው ነገር ሌሊቱን አላስተኛኝም። 30 ዓመት ኦዲተር ነበርኩ፣ አብዛኛውን የውስጥ ኦዲተር ሆኜ። ከሞዴል 19 እና ከሞዴል 22፣ ከንብረት ገቢና ወጪ ሰነዶች ጋር ነው ያረጀሁት። ስለዚህ የምናገረው ስለ ራሴ ሥራ ነው።

እውነትህን ነው። እኛ የምንከታተለው ወጪን ነው። ያልተወራረደ ሂሳብ፣ በወቅቱ ያልተሰበሰበ ገቢ፣ ከመመሪያ ውጪ የተፈጸመ ግዢና ክፍያ፣ በመዝገብ ኖሮ በመጋዘን የሌለ ንብረት። ሰነድ ያለው ነገር ሁሉ ግኝት ሊሆን ይችላል። ያልተሰጠ አገልግሎት ግን ሰነድ የለውም። የክዋኔ ኦዲት የሚባል አለ፣ መሥሪያ ቤቱ የተሰጠውን ሥራ በቁጠባ፣ በብቃትና በውጤታማነት ሠርቷል ወይ ብሎ የሚጠይቅ። እሱ ነው አንተ ያልከውን ሊያይ የሚችለው። ግን ጊዜ ይፈጃል፣ ሰው ይፈልጋል። በዓመት የሚነኩት መሥሪያ ቤቶች ከሒሳብ ኦዲቱ ጋር ሲተያዩ ጥቂት ናቸው።

አሁን ለጉለሌ ሰፈር። "ሪፖርት ብቻ ነው" አልከን። ዋና ኦዲተርን ከሌሎቹ ለይተህ እይልኝ። የሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 101 አንብበው። ዋናው ኦዲተር በጠቅላይ ሚኒስትሩ አቅራቢነት በምክር ቤቱ ይሾማል፣ ሪፖርቱንም ለምክር ቤቱ ነው የሚያቀርበው። የራሱን በጀት ለገንዘብ ሚኒስቴር አያስገባም፣ በቀጥታ ምክር ቤቱ ያጸድቅለታል። ይህ ትንሽ ነገር ሊመስልህ ይችላል። እኔን ጠይቀኝ። እኔ የውስጥ ኦዲተር ነበርኩ። መኪናዬን የሚፈቅደው፣ የመስክ አበሌን የሚፈርመው፣ የሥራ አፈጻጸሜን የሚሞላው ያው የምመረምረው ኃላፊ ነበር። አንድ ዓመት የግዢ ጉዳይ ላይ ግኝት ጻፍኩ። አለቃዬ አልተቆጡም። በሚቀጥለው ወር መኪና ጠፋ። ከዚያ ሁለት ረዳቶቼ ወደ ሌላ ክፍል ተዛወሩ። የእኔም ጠረጴዛ በመጨረሻ ከመጋዘኑ አጠገብ ሆነ። ማንም "ተው" አላለኝም። ሌላውን ሰው የሚቆጣጠር መሥሪያ ቤት በጀቱን ከማን ያገኛል? መጀመሪያ የምጠይቀው ይህን ነው። ሌላው ሁሉ ከዚያ ይከተላል።

ድክመቱ ደግሞ ከሪፖርቱ በኋላ ነው። ኦዲተር ሲጨርስ የመውጫ ስብሰባ ያደርጋል። መሥሪያ ቤቱ መልስ ይሰጣል። ከዚያ የማስተካከያ የድርጊት መርሐ ግብር ማቅረብ አለበት። በግንቦትና በሰኔ ሪፖርቱ ምክር ቤት ይቀርባል። የመንግሥት ወጪ አስተዳደርና ቁጥጥር ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴ ኃላፊዎችን ጠርቶ በአደባባይ ይጠይቃል። በ2014 ዓ.ም. ምክር ቤቱ ሲዋቀር የዚህን ኮሚቴ ሰብሳቢነት ለተቃዋሚ ፓርቲ አባል መስጠቱ ጥሩ ነገር ነበር። ግን ገመቹ ዱቢሶ ዋና ኦዲተር በነበሩባቸው ዓመታት የሚያቀርቡትን ሪፖርት የተከታተለ ሰው ያስታውሳል። በየዓመቱ ያው ዓይነት ግኝት፣ ብዙ ጊዜም ያው መሥሪያ ቤት። ዩኒቨርሲቲዎች ስንት ጊዜ እንደተነሡ። ግኝቱን ማግኘት ችለናል። ግኝቱን ያላረመውን ሰው ማስጠየቅ ነው ያቃተን።

ጉለሌ ሰፈር | ግንቦት 9
ጋሼ፣ እርስዎ ያሉት የኔን ሐሳብ ያጠናክራል እንጂ አያፈርስም። ከሪፖርቱ በኋላ ምንም ከሌለ ሪፖርቱ ለምን ይጠቅማል? ፀረ ሙስናን እንይ። በ1993 ዓ.ም. ሲቋቋም ይመረምር፣ ይከስም ነበር። በ2008 ዓ.ም. ክሱ ወደ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ሄደ፣ ምርመራውም ወጣለት። የቀረው ትምህርት፣ መከላከልና ሀብት ምዝገባ ነው። ጥርስ ያለው አንድ ነበር፣ እሱም ተነቀለ።

ችሎት በር | ግንቦት 9
በዚህ አንከራከርም ወንድሜ። ግን አንድ ነገር ጨምርበት። አንድ መሥሪያ ቤት ራሱ መርምሮ ራሱ ሲከስስ እሱንስ ማን ይጠይቀዋል የሚለው ክርክርም ዝም ብሎ የመጣ አልነበረም። ሙስና ተብለው ታስረው ዓመታት ቆይተው በነፃ የወጡ ሰዎችን ችሎት ላይ አይቻለሁ። ጥርስ ጥሩ ነው፣ ማንን እንደሚነክስ የሚያይ ሰው ካለ።

ስቶክሆልም | ግንቦት 10
ከስዊድን ነኝ፣ እዚህ ስኖር 19 ዓመቴ ነው። የእንባ ጠባቂ አሠራር የተወለደው እዚህ ስለሆነ ትንሽ ልበል። ከ1809 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ያለ ተቋም ነው። አራት እንባ ጠባቂዎች አሉ፣ ሁሉንም ፓርላማው ነው የሚመርጠው። በቅርብ ዓመታት በዓመት 10 ሺህ አካባቢ አቤቱታ ይደርሳቸዋል። ዜጋ መሆን አያስፈልግም። እኔ ራሴ የመኖሪያ ፈቃድ እየጠበቅሁ ሳለሁ አንድ መሥሪያ ቤት ጉዳዬን ሲያጓትት ጽፌላቸው ነበር፣ በተሰበረ ስዊድንኛ።

ጉለሌ ሰፈር ይገርምህ ይሆናል፣ እነሱም ውሳኔ መሻር አይችሉም። "ፈርም" ብለው አያዝዙም። የሚያደርጉት መርምረው "ይህ መሥሪያ ቤት ጥፋተኛ ነው፣ ትችት ይገባዋል" ብለው መጻፍ ነው። በጣም ሲብስ ባለሥልጣኑን ፍርድ ቤት ሊያቆሙት ይችላሉ፣ ግን ይህን የሚያደርጉት ከስንት አንዴ ነው። ታዲያ ለምን ይፈራሉ? የኔ ግምት እንዲህ ነው። እዚህ የመንግሥት ሰነድ ለሕዝብ ክፍት ነው፣ ሕጉ ከ1766 ጀምሮ አለ። እንባ ጠባቂው የጻፈው ትችት ይታተማል። ጋዜጠኛው ነገ ደብዳቤውን ይጠይቃል። የመሥሪያ ቤቱ ሌሎች ሠራተኞችም ያነቡታል። የሚያሳፍር ነገር ነው።

የኔ ጉዳይ ላይ መልሱ አንድ ገጽ ተኩል ነበር። መሥሪያ ቤቱ ያለምክንያት አዘግይቷል ይላል። ካሳ አላገኘሁም። ግን አስቀምጬዋለሁ። እብድ አለመሆኔን የሚናገር ወረቀት ነው።

ጉለሌ ሰፈር | ግንቦት 10
ስዊድን ስዊድን ናት ወንድሜ። እዚህ የሚያፍር ሰው አሳየኝ።

ነታንያ | ግንቦት 11
ሰላም ከእስራኤል። እዚህ ኦዲተሩና እንባ ጠባቂው አንድ ሰው ነው። ሜቫኬር ሃመዲና እንለዋለን። መሥሪያ ቤቱ በ1949 (እ.ኤ.አ.) ተቋቋመ፣ ከ1971 ጀምሮ የሕዝብ አቤቱታም እሱው ዘንድ ነው። ፓርላማው፣ ክኔሴት፣ በምስጢር ድምፅ ይመርጠዋል፣ ለአንድ የ7 ዓመት ዘመን ብቻ። እንደገና ስለማይመረጥ ማንንም ደስ ማሰኘት አይጠበቅበትም። ጡረተኛው ኦዲተር ያሉትን ሳነብ ይህ ትዝ አለኝ። ስለ አንድ ቢሮ ብዙ ሰው ሲያለቅስ ኦዲተሩ የት መቆፈር እንዳለበት ያውቃል።

ግን የኛ የቤተ እስራኤል ማኅበረሰብ ጉዳይ ሲሆን ያ ብቻ አልበቃም። በ2015 (እ.ኤ.አ.) ወጣቶቻችን አደባባይ ከወጡ በኋላ ነው በፍትሕ ሚኒስቴር ውስጥ ዘረኝነትን የሚከታተል ክፍል በ2016 የተቋቋመው። የመጀመሪያ ኃላፊው ከእኛው የወጣ ጠበቃ ነበር። እናቴ ዕብራይስጥ መጻፍ አትችልም። በአማርኛ የሚሰማት ሰው መኖሩ ለእሷ ሕጉን ሁሉ ያህል ነው።

ወሎዬዋ | ግንቦት 11
ነታንያ የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ጥሩ አልሽ። አዲስ አበባ ያላችሁ ስለ ግልባጭና ስለ ማኅተም ታወራላችሁ። እኔ ገጠር ወረዳ አስተማሪ ነኝ። የተማሪዎቼ ወላጆች ማመልከቻ የሚያጽፉት ፍርድ ቤት በር ላይ ለተቀመጠ ራፖር ጸሐፊ ከፍለው ነው። የእንባ ጠባቂ ቅርንጫፍ እንደ ባሕር ዳርና ሐዋሳ ያሉ ከተሞች ውስጥ አለ። ከእኛ ቀበሌ እዚያ ለመድረስ አንድ ፍየል መሸጥ ያስፈልጋል። ድሮ "የተጠማ ከፈሳሽ፣ የተበደለ ከነጋሽ" ይባል ነበር። ፈሳሹ ሩቅ ነው።

ችሎት በር በቃልም ይቀበላሉ ብለሃል። በስልክስ?

ችሎት በር | ግንቦት 11
አዋጁ በቃል፣ በጽሑፍ ወይም በሌላ መንገድ ይላል። ስለዚህ በስልክ የማይሆንበት ምክንያት የለም። አማርኛ ግዴታ አይደለም፣ በክልሉ የሥራ ቋንቋም ይሆናል። በጣም ከባድ በደል ከሆነ ስም ሳይገለጽም ሊቀበሉ ይችላሉ። የርቀቱ ነገር ግን እውነት ነው። ለዚያ መልስ የለኝም።

የሾፌሩ ልጅ | ግንቦት 27
ተመልሻለሁ። ለሁላችሁም ልንገራችሁ ብዬ ነው።

ግንቦት 11 ማመልከቻውን አስገባን። መዝገብ ቤት የነበረው ልጅ ቀሪው ላይ ማኅተም ለማድረግ ትንሽ አንገራገረ። እናቴ "ልጄ፣ እኔም እንደ አንተ ወረቀት ልያዝ" አለችው። አደረገው። ግልባጩን ለበላይ ኃላፊው ቢሮ፣ ለቅሬታ ሰሚና ለእንባ ጠባቂ በእጃችን አደረስን። ሦስቱም ቦታ አስፈረምን።

በ9ኛው ቀን ስልክ ተደወለ። በ11 ወር ውስጥ እነሱ ሲደውሉልን የመጀመሪያው ነው። ሄድን። አዲሱ ኃላፊ የፍርድ ቤቱን ማስረጃ ከፋይሉ ጋር አያይዘው፣ የሕግ ክፍሉን አስተያየት አስጽፈው ጠበቁን። "የሕግ ክፍል ከጻፈልኝ እፈርማለሁ" አሉ። ፈረሙ። ያ የሕግ ክፍል ከሳቸው ቢሮ አራተኛው በር ነው።

ትላንት የአገልግሎት ማስረጃው ለጡረታ ተልኳል። የደብዳቤው ቁጥር አለን። ውዝፉ ገና ነው። እንባ ጠባቂ ዘንድ ያለውን አቤቱታ አልዘጋነውም፣ ገንዘቡ እናቴ እጅ እስኪገባ ይቆይ ብለናል።

መስኮት 4 | ግንቦት 27
ደስ ብሎኛል። በጣም። ኃላፊው የሕግ ክፍሉን ወረቀት መጠየቅ በመጀመሪያው ሳምንትም ይችሉ ነበር። ይህን ለራሴም ነው የምለው። ዛሬ ጠዋት መሳቢያዬ ውስጥ "ሰኞ" ያልኳቸውን ቆጠርኩ። ሰባት ፋይል ነው። ሁለቱን ለሕግ ክፍል መርቻለሁ።

ጉለሌ ሰፈር | ግንቦት 28
እንኳን ደስ አላችሁ እህቴ። ከልቤ ነው። ግን እንባ ጠባቂው ገና ፋይሉን ሳይከፍተው ነው የተፈረመው። ስሙን አይተው ነው የደነገጡት። ሰዎች ምክረ ሐሳቡን ችላ እያሉ ከቀጠሉ ስሙም ማስደንገጥ ያቆማል። የኔ ጭንቀት ይህ ነው። ስለዚህ ሰኔ ላይ የኦዲት ሪፖርቱ ምክር ቤት ሲቀርብ ማን ተጠርቶ ምን እንደመለሰ እጽፍላችኋለሁ። ካቻምና የተባለውንም አጠገቡ አደርጋለሁ። ጡረተኛው ኦዲተር ቢያግዙኝ።

ጡረተኛው ኦዲተር | ግንቦት 28
አግዝሃለሁ። የነቀፌታ አስተያየት ከተሰጣቸው መሥሪያ ቤቶች እንጀምር። አስተያየት መስጠት ያልተቻለባቸውን ደግሞ ለብቻ እንይ። ሰው ብዙ ጊዜ ያልፋቸዋል፣ እኔ ግን ከነቀፌታ ይልቅ የሚያስፈሩኝ እነሱ ናቸው። አስተያየት አልተቻለም ማለት ለመፍረድ የሚበቃ ማስረጃ እንኳ አልቀረበም ማለት ነው።

ወሎዬዋ | ግንቦት 29
የሾፌሩ ልጅ፣ አንድ ውለታ። ደብዳቤው ላይ "ጉዳዩ" የሚለው ቦታ ምን ብላችሁ ጻፋችሁ? እዚህ አንዲት እናት አለች፣ የሷም ነገር ካንቺ ጋር አንድ ነው። ራፖር ጸሐፊው "ትብብር ስለመጠየቅ" ብሎ ጽፎላት አየሁ። ትብብር አይደለም የምትፈልገው።

የሾፌሩ ልጅ | ግንቦት 29
እኛም መጀመሪያ እንደዚያ ነበር የጻፍነው። እናቴ ስናነብላት አስቆመችን። በሷ ቃል ያስተካከልነው ይኸው፣ እንዳለ ውሰጂው፦

ጉዳዩ፦ የሟች ባለቤቴ የ31 ዓመት የአገልግሎት ማስረጃ እንዲላክልኝ፣ የማይላክ ከሆነም ምክንያቱ በጽሑፍ እንዲሰጠኝ ስለመጠየቅ።